ክሩ አልተበጠሰም

የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ በላከልኝ ካሴት ላይ የመጀመሪያው ዘፈን 8 ደቂቃ ያህል ከሄደ በኋላ ጊታሩ ከነጉልበቱ ሳለ በመቀስ እንደተቆረጠ ቀጥ አለ። ክሩ የተበጠሰ መሰለኝ። ካሴቱን አውጥቼ በእስክሪብቶ እያዞርኩ ክሩን በመስኮት ብርሃን መረመርኩት፤ ምንም አልሆነም። ዘፈኑ «ፑል ሚ አንደር» ነው፤ ሠሪዎቹ ናቸው እንዲያ እንዲያልቅ የፈለጉት። አልበሙም ድሪም ቲያትር የተባለው ባንድ «ኢሜጅስ ኤንድ ዎርድስ»። ያኔ በየሠርጉ ድራም መምታት ጀምሬ ነበር። ዛሬም እንጀራዬ እሱው ነው፤ ይህንንም የምጽፈው እንደ ድራመር ነው።

ጊታሪስቱ ጆን ፔትሩቺ፣ ቤዚስቱ ጆን ማያንግና ድራመሩ ማይክ ፖርትኖይ እ.ኤ.አ. በ1985 ቦስተን በሚገኘው በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ተገናኙ። ባንዳቸውን «ማጀስቲ» ብለውት ነበር። ስሙ የሌላ ባንድ ሆኖ ሲገኝ የፖርትኖይ አባት ካሊፎርኒያ፣ ሞንትሬይ ከተማ የነበረ የአንድ ሲኒማ ቤት ስም፣ «ድሪም ቲያትር»ን፣ ሰጧቸው። በ1989 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ብዙም ሳይሰማ ቀረ፤ ከዘፋኙ ከቻርሊ ዶሚኒቺም ተለያዩ። ከዚያ በኋላ ያለ ዘፋኝ የቆዩበት ጊዜ ረጅም ነው። ያለ ዘፋኝ ግን ሥራ አልፈቱም፤ በየቀኑ ይለማመዱ፣ ያቀናብሩ ነበር። ለእኔ የአልበሙ ምስጢር እዚህ ላይ ነው። ድምፃዊ የሌለው ባንድ ለግጥም ቦታ ልልቀቅ ብሎ አይሰበሰብም፤ ጊታሩ፣ ኪቦርዱና ድራሙ እርስ በርስ ያወራሉ። በ1991 ካናዳዊው ጄምስ ላብሪ የድምፁን ናሙና ልኮ ሲቀጠር የመጣው አብዛኛው ዕቃ ተሰድሮ ወዳለቀ ቤት ነው።

ቀረጻው ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ፣ ሰፈርን በሚባል ቦታ፣ ቤር ትራክስ ስቱዲዮ ተካሄደ። የስቱዲዮው ባለቤት፣ የስፓይሮ ጋይራ ባንዱ ጄይ ቤከንስታይን፣ «አናዘር ዴይ» ላይ ሳክስፎን ነፍቶላቸዋል። ከ20 ደቂቃ በላይ የሚፈጀው «ኤ ቼንጅ ኦቭ ሲዝንስ» አሳታሚው ድርብ አልበም ስላልፈለገ ተቀነሰ፤ አድማጮች ሲወተውቱ ቆይተው በ1995 ወጣ።

እኔን የሚያመኝ ግን የስኔር ከበሮው ነገር ነው። ፕሮዲዩሰሩ ዴቪድ ፕሬተር ፖርትኖይ ስኔሩን በመታ ቁጥር ቀድሞ የተቀዳ ሌላ የስኔር ድምፅ በማሽን እንዲሰማ አደረገ። ፖርትኖይ ተቃወመ፤ ከዚያም በኋላ ቅሬታውን በአደባባይ ሲናገር ኖሯል። ድራም የማይመታ ሰው ልዩነቱን ላያስተውለው ይችላል። ስኔር ግን ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ድምፅ አይሰጥም። ዱላው መሐል ሲያርፍ ሌላ ነው፣ ወደ ጠርዝ ሲጠጋ ሌላ፤ በጠንካሮቹ ምቶች መካከል የሚንሾካሾኩ ስስ ምቶች አሉ፣ የመቺው ጠባይ የሚታወቀውም በነሱ ነው። ማሽኑ ይህን ሁሉ አስተካክሎ አንድ አደረገው።

አልበሙ በሐምሌ 1992 ሲወጣ ዘመኑ የሲያትል ልጆች ነበር። የኒርቫና «ኔቨርማይንድ» ገና በጥር ማይክል ጃክሰንን ከአንደኝነት አውርዷል። ረጅም የጊታር ሶሎ ያረጀ ልብስ በሆነበት ሰዓት እነዚህ 8 ዘፈን በ57 ደቂቃ ይዘው መጡ፤ የመጨረሻው «ለርኒንግ ቱ ሊቭ» ብቻውን 11 ደቂቃ ተኩል ነው። ሆኖም የሬዲዮ ጣቢያዎች «ፑል ሚ አንደር»ን አነሱት፣ ኤም ቲቪ አሳየው፣ በቢልቦርድ የሮክ ሬዲዮ ሰንጠረዥ 10ኛ ደረጃ ደረሰ። አልበሙ በአጠቃላዩ ሰንጠረዥ ከ61ኛ ባያልፍም አሜሪካ ውስጥ ግማሽ ሚሊዮን ቅጂ ደርሶ የወርቅ ሽልማት አገኘ። ባንዱ ከዚያ ወዲህ ያን ያህል የተሰማ ነጠላ ዘፈን አልነበረውም።

የጣት ቅልጥፍና እንጂ ስሜት የለውም የሚሉት አሉ። አልስማማም። በቺክቺካ ያደገ ጆሮ ስድስትን ያውቃል። ይህ አልበም ግን በአንድ ዘፈን ውስጥ ምቱን ከስድስት ወደ ሰባት፣ ከዚያ ወደ ሌላ ያሻግራል። «ሜትሮፖሊስ»ን ለመቁጠር ወራት ፈጅቶብኛል፤ ጭኔን እየመታሁ፣ ካሴቱን እየመለስኩ። አንድ ቀን መቁጠሬን ረስቼ እጄ ብቻውን ሲሄድ እንባ የመጣብኝን ሰው ስሜት የለውም ብሎ ማሳመን አይቻልም። ፔትሩቺ በዚያ ዘፈን ርዕስ ላይ «ክፍል አንድ» የሚለውን የጨመረው ለቀልድ ነበር። አድማጩ ግን ክፍል ሁለትን ከልቡ ጠበቀ፤ በ1999 ሙሉ አልበም ሆኖ መጣለት።

በ1993 ለንደን ማርኪ ክለብ የቀረጹት የመድረክ ሥራ እጄ የገባው ከዓመታት በኋላ ነው። የሚከፈተው በዚያው «ሜትሮፖሊስ» ነው። ስስ ምቶቹ እዚያ አሉ። ያን ሌሊት የድሮውን ካሴትና ይህን እያፈራረቅኩ፣ ስኔሩን ብቻ እየተከተልኩ አነጋሁ።