በአሜሪካ ወደ ከፍተኛ የነርስነት ሙያ የሚያደርሱ የትምህርት መንገዶች

በአሜሪካ በሌላ መስክ ተመርቀው ሲሠሩ የቆዩ ሰዎች ወደ ነርስነት ለመዞር ከአንድ በላይ መንገድ አላቸው። በአገር ቤት በመምህርነት፣ በሒሳብ አያያዝ ወይም በምህንድስና ዲግሪ ይዘው በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የምርጫው የመጀመሪያ ደረጃ የትምህርት ማስረጃን በታወቀ ገምጋሚ ተቋም ማስመዘን ነው።

ከፍተኛ የነርስነት ሙያ አራት ዘርፎች ያሉት ሲሆን እነርሱም ነርስ ፕራክቲሽነር፣ የማደንዘዣ ነርስ፣ አዋላጅ ነርስና ክሊኒካል ነርስ ስፔሻሊስት ናቸው። የነርስ ፕራክቲሽነር ሥልጠና እ.ኤ.አ በ1965 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በነርሷ ሎሬታ ፎርድና በሕፃናት ሐኪሙ ሄንሪ ሲልቨር ተጀምሯል። መርምሮ መድኃኒት ማዘዝን ስለሚጨምር በጎንደር ሥልጠናቸው የተጀመረውን የኢትዮጵያ ጤና መኮንኖች ሥራ ያስታውሳል፤ ልዩነቱ የአሜሪካው ከነርስነት የሚነሣ መሆኑ ነው።

ቀዳሚው መንገድ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ያህል ተምሮ፣ የነርስነት ፈቃድ ፈተናውን አልፎና ሥራ ይዞ ቀሪውን ደረጃ በደረጃ መቀጠል ነው። ሁለተኛው የመጀመሪያ ዲግሪ ላላቸው የተዘጋጀው የተፋጠነ የነርስነት ዲግሪ ሲሆን፣ ሴንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ በ1971 የጀመረው ይህ ሥልጠና አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወራት ይወስዳል። ሦስተኛው ነርስ ያልሆነ ተመራቂን በቀጥታ ወደ ሁለተኛ ዲግሪ የሚያስገባ ነው፤ የል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ ከ1974 ጀምሮ ይሰጠዋል።

ይህ የመጨረሻው አጭር ቢመስልም ለሁሉም አይበጅም። የማደንዘዣ ነርስነት የሚፈልግ ሰው በየትኛውም መንገድ ቢመጣ ቢያንስ አንድ ዓመት በጽኑ ሕሙማን ክፍል መሥራት ይኖርበታል፤ እ.ኤ.አ ከ2022 ጀምሮ የሚገቡ ሠልጣኞችም የዶክትሬት ደረጃ ትምህርት እንዲከታተሉ ግዴታ ሆኗል። የተፋጠነው ትምህርት ደግሞ ከመደበኛ ሥራ ጋር ጎን ለጎን ለማስኬድ እጅግ አዳጋች በመሆኑ ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ሰው ረጅሙ መንገድ የተሻለ ሊሆን ይችላል።

ወጪው ተለይቶ ሊጤን ይገባል። ፔል ግራንት የተሰኘው የፌዴራል መንግሥት የትምህርት ድጎማ የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ሰው አይሰጥም፤ ዲግሪው ከውጭ አገር የተገኘ ቢሆንም ክልከላው ይሠራል። እ.ኤ.አ በ2025 የወጣው ሕግም ግራድ ፕላስ የተሰኘው ብድር እ.ኤ.አ ከሐምሌ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች እንዲቋረጥ ደንግጓል። ቀድሞ በዚህ ብድር ተማምኖ ወደ ሁለተኛ ዲግሪ ይገባ የነበረ አመልካች አሁን ሌላ ምንጭ መፈለግ ይኖርበታል።

ከመመዝገብ በፊት ትምህርት ቤቱ እውቅና ያለው ስለመሆኑ፣ ለተግባር ልምምድ ሆስፒታል የሚያገኘው ራሱ ወይም ተማሪው ስለመሆኑ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሥራ ነፃነቱም እንደየግዛቱ ይለያያል፤ ሜሪላንድ እ.ኤ.አ በ2015 ባወጣችው ሕግ ነርስ ፕራክቲሽነሮች ያለ ሐኪም ስምምነት እንዲሠሩ የፈቀደች ሲሆን፣ በአጎራባቿ ቨርጂኒያ ግን አስቀድሞ ከሐኪም ጋር በስምምነት የተሠራ የዓመታት ልምድ ይጠየቃል።