የፎገራ ሜዳ፣ ከብቱና ሩዙ



የፎገራ ከብት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከሜዳችን ነው። ርብና ጉማራ ክረምት ክረምት ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ ውኃው ሲሸሽ የሚበቅለው ሣር የወል ግጦሽ ነበር።

በ1970ዎቹ በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች እገዛ በሻጋና በጅግና አምራቾች ማኅበራት ሩዝ ተሞከረ። ውኃ የሚተኛበት መሬት እህል ሰጠ፤ ስንቱን ቤት ከችግር አወጣ። ሩዝን የሚያማ የበላበትን ወጪት ሰባሪ ነው።

ነገር ግን ግጦሹ ታረሰና ላሚቱ ለሩዝ ገለባ ቀረች። የሸሸርና የወላላ ረግረግም ውኃው ለመስኖ እየተሳበ ጎደለ።

በለቅሶ ድንኳን ይህን ሳወራ አንድ ጎረምሳ፣ «ጋሼ፣ መሬት ያልደረሰኝ እኔ ምን ልረስ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ቢሆንም ለቀረው የወል ግጦሽ ወሰን እንዲተከልለት፣ ሸሸርና ወላላም እንዲከለሉ ለማመልከት በስብሰባችን ተስማምተናል። ቃለ ጉባኤውን የጻፍሁት እኔው ነኝ።