የሙቀት መለኪያና የዜሮ ታሪክ

ዜሮ በሒሳብ ትምህርት የባዶነት ምልክት ነው። በሙቀት መለኪያ ላይ ግን ሰዎች መርጠው ያቆሙት የድንበር ምልክት ነው። ይህ ልዩነት ያልተገለጸለት ተማሪ፣ ከዜሮ በታች ሲባል ሙቀት ጨርሶ የጠፋ ይመስለዋል።

በዳንዚግ ተወልዶ በሆላንድ የሠራው ፋራናይት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1724 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ዜሮን በረዶ፣ ውሃና የአሞኒያ ጨው ተደባልቀው በሚሰጡት ብርድ ላይ አኖረ። የኡፕሳላው የሥነ ፈለክ ሊቅ ሴልሺየስ ደግሞ በ1742 ዜሮን በሚፈላ ውሃ፣ 100ን በሚቀልጥ በረዶ ላይ አደረገ። ስለዚህ ከበረዶ የባሰ ብርድ ከ100 በላይ ይቆጠር ነበር እንጂ ከዜሮ በታች አይወርድም ነበር። ቁጥሩ የተገለበጠው እርሱ በ1744 ከሞተ በኋላ ነው።

ከአንዱ መለኪያ ወደ ሌላው ለመለወጥ ማባዛት ብቻ የማይበቃውም ሁለቱ ዜሮዎች በአንድ ስፍራ ስላልቆሙ ነው፤ ውሃ በረዶ የሚሆነው በሴልሺየስ በዜሮ፣ በፋራናይት በ32 ዲግሪ ነውና። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሴልሺየስ በ9 ተባዝቶ ለ5 ሲካፈል ከዜሮ በታች 18 ይሆናል፤ 32 ሲደመርበት 14 ዲግሪ ፋራናይት ይወጣል። ብርዱ ያው ሲሆን በአንዱ ከዜሮ በታች፣ በሌላው ከዜሮ በላይ ተጻፈ። ሁለቱ መለኪያዎች በቁጥር የሚገናኙት ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ ብቻ ነው።

ኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ዊልያም ቶምሰን በ1848 ፍጹም የሆነ መለኪያ እንዲኖር ሐሳብ አቀረበ። ዛሬ በስሙ የሚጠራው መለኪያ ዜሮው ከሴልሺየስ ዜሮ በ273.15 ዲግሪ ዝቅ ይላል። ይህ ዜሮ በሰው ምርጫ የቆመ አይደለም።

እንግዲህ መምህር የመቀነስን ምልክት ከማስጻፉ አስቀድሞ ዜሮው የማን እንደሆነ ቢያስረዳ፣ ተማሪው 20 ዲግሪ ሴልሺየስ የ10 ዲግሪ እጥፍ ሙቀት ነው ከማለት ይድናል።