ዘንዶ ያልሆነው ድሬክ

እንግሊዞች ወንዱን ዳክዬ «ድሬክ» ይሉታል። በድሮው እንግሊዝኛ ደግሞ ይኸው ድምፅ ዘንዶ ማለትም ነበር። ታዲያ ሁለቱን አጋብቶ ዳክዬውን የዘንዶ ዘር የሚያደርገው ሰው ብዙ ነው። የለም! ዘንዶው ከላቲኑ «ድራኮ» የመጣ እንግዳ ነው፤ ከዳክዬው ጋር ያላቸው ዝምድና የድምፅ ብቻ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን ስፔኖች የእንግሊዙን መርከበኛ ፍራንሲስ ድሬክን «ኤል ድራኬ» ሲሉት የታያቸው ዘንዶ እንጂ ኩሬ ላይ የሚንሳፈፍ ወፍ አልነበረም።

የዳክዬው ስም ዘመዶች ያሉት ጀርመንኛ ውስጥ ነው። የጥንት ጀርመኖች ወንዱን «አንትራኾ» ይሉት ነበር፤ የፊተኛው ቁራጭ ዳክዬ ማለት ነው፣ «ድሬክ» የሚዛመደው ከኋለኛው ጋር ነው። «ዳክ» የሚለው ስም ራሱ «ጠላቂ» እንደ ማለት ነው፤ የቀድሞውን «ኤነድ» አስወጥቶ የገባ።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። በእንግሊዝኛ ሴቷና ዘሩ በሙሉ በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ለብቻው ስም የወጣለት ወንዱ ነው። እኛስ? ለፈረስ ድንጉላና ባዝራ፣ ለከብት ኮርማና ላም ብለን ለይተናል። ዳክዬ ላይ ስንደርስ «ወንድ ዳክዬ» ብለን አለፍን። ምን ይደረግ፣ አላረስንበት፣ በዓል አልዋልንበት! «አውራ» የሚለውን ማዕረግ ለዶሮው ሰጠን። ለንብም ሰጥተናል፤ የንቡ «አውራ» ግን እንቁላል የምትጥለው እናቲቱ ናት።