ከደቦ እስከ ሶሻል ወርክ፦ የመረዳዳት ታሪክ በቢቸናና በሞጣ

ቢቸናና ሞጣ ከጮቄ ተራራ ወደ ዓባይ በረሃ በሚያዘቀዝቀው የምሥራቅ ጎጃም ምድር የሚገኙ፣ ቀድሞ እያንዳንዳቸው የአውራጃ ዋና ከተማ የነበሩ ናቸው። ዛሬ ቢቸና የእነማይ ወረዳ መቀመጫ ነው፤ ሞጣ ደግሞ በሁለት እጁ እነሴ ምድር የምትገኝ የገበያና የትምህርት ከተማ ናት። ከዚህ አካባቢ ወጥተው ሶሻል ወርክ የሚያጠኑ ወጣቶች ሰውን መርዳት የሚጀምሩት ከዩኒቨርሲቲ አይደለም። አካባቢው በገበሬው፣ በቤተ ክርስቲያኑና በተማሪው ሕይወት ውስጥ የቆየ የመረዳዳት ሥርዓት አለው። ሥርዓቱ ሁለት መልክ አለው፦ አንዱ ተራ እየጠበቀ የሚመለስ ብድር፣ ሌላው መልስ የማይጠበቅበት ስጦታ።

የመጀመሪያው መልክ በእርሻ ሥራ ላይ ይታያል። ጤፍ ሲታረምም ሆነ ሲታጨድ ቀን አይሰጥም፤ አንድ ቤተሰብ ብቻውን ሊወጣው አይችልም። ስለዚህ ገበሬዎች በወንፈል ይገናኛሉ፦ ዛሬ ያንዱ፣ ነገ የሌላው ማሳ ይሠራል፤ የተሰጠ ጉልበት በተመሳሳይ ጉልበት ይመለሳል። ደቦ ሰፋ ያለ ነው፤ ባለ ማሳው እህልና ጠላ አሰናድቶ ጎረቤቱን ይጠራል፣ የመጣው ሰው እየዘፈነ ሲያጭድ ይውላል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር መቀናጆ ገጥሞ ያርሳል። ጎጆ ሲሠራ ምሰሶውን የሚያቆመው፣ ክዳኑን የሚከድነው ጎረቤት ነው። የታመመ ሰው በወሳንሳ ተይዞ ወደ ጤና ጣቢያ ሲወሰድም ወንዶቹ እየተቀያየሩ ይሸከሙታል።

እነዚህ ልማዶች ጠንካራ የሆኑት ሁሉም ሰው አንድ ቀን ተረኛ ስለሚሆን ነው። ድካማቸውም ከዚያው ይመነጫል። ጉልበት የሌላት መበለት፣ ዘመድ ያልቀረው ሽማግሌ፣ ወላጅ የሌለው ሕፃን ብድሩን መመለስ አይችሉም። መንደሩ ለእነርሱ ያለ ብድር ደቦ የሚወጣበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን ይህ በጎረቤቱ ደግነት ላይ የተመሠረተ እንጂ እንደ ወንፈል የታወቀ ግዴታ አይደለም።

ሁለተኛው መልክ ከቤተ ክርስቲያን ጋር የተያያዘ ነው። በወር አንድ ቀን በአንድ ቅዱስ ስም የሚጠጣው ማኅበር፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በተራ የሚዘጋጀው ሰንበቴ፣ ለሙት የሚደገሰው ተዝካር አባላቱን ብቻ አያበሉም፤ ድሆችና የቤተ ክርስቲያን ተማሪዎችም ከማዕዱ ይካፈላሉ። ለዚህ ታላቁ ምስክር በቢቸና አቅራቢያ የሚገኘው ዲማ ጊዮርጊስ ነው። ዲማ ከታወቁት የጎጃም የቅኔና የመጻሕፍት ጉባኤዎች አንዱ ሲሆን ከሩቅ አገር የመጡ ተማሪዎች በጎጆ ተሰብስበው የሚማሩበት ቦታ ነበር። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ በየደጁ ይለምናል፤ የቤቱ እመቤት የማታውቀውን፣ ወደፊትም የማታገኘውን ልጅ ትመጸውታለች። ተማሪውም በበኩሉ ለመምህሩ እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል፤ ከፍ ያለው ታናሹን ያስቀጽላል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህን ታሪክ ከዲማ ጋር ያያያዙት ይህን ዓለም ከውስጡ ስለሚያውቁት ነው። ሞጣም እንዲሁ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ያደገች ናት፤ ሞጣ ጊዮርጊስን በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተከሉት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል ናቸው።

በ1928 ዓ.ም. ጣልያን አገሪቱን ሲወር ይኸው ልማድ አዲስ ሸክም ተሸከመ። በቢቸና አካባቢ የተነሡት እንደ በላይ ዘለቀ ያሉ አርበኞች ደመወዝም ሆነ መጋዘን አልነበራቸውም፤ የኖሩት ከገበሬው ጎተራ በወጣ እህልና ሴቶች ባዘጋጁት ስንቅ ነው። በወረራው ዘመን በሞጣ አቅራቢያ በዓባይ ላይ የነበረው፣ ከፋሲለደስ ዘመን የቆየው ድልድይ መካከሉ ተቆረጠ፤ ስሙም «ሰባራ ድልድይ» ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት የጎጃምና የበጌምድር ሰዎች መንገደኛውን በገመድ አስረው ከዳር ወደ ዳር እየሳቡ ሲያሻግሩ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ2001 ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የዚህን ፎቶግራፍ በመጽሔት አይቶ «ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ» የተባለውን የበጎ አድራጎት ድርጅት መሠረተ፤ በቀጣዩ ዓመትም ድልድዩ ተጠገነ። እ.ኤ.አ. በ2005 ጎርፍ ጥገናውን ቢወስደውም በ2009 ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

በከተሞቹ የዕድር ልማድ እየበረታ መጣ። ዕድር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአዲስ አበባ የታወቀ፣ ከነጻነት በኋላም በየክፍለ ሀገሩ የተስፋፋ የቀብር ማኅበር ነው። ወርሃዊ መዋጮ፣ ድንኳን፣ ወንበርና የማብሰያ ዕቃ አለው፤ መዝገብና ዳኛም አለው። መረዳዳት በጽሑፍ ደንብ ሲመራ አባልነትም ጠበቀ፦ መዋጮ መክፈል ያልቻለ ስሙ ከመዝገብ ይወጣል።

መንግሥትና ትምህርት ቤት ወደዚህ ሥራ የገቡት ቆይተው ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1959 በአዲስ አበባ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት ተከፍቶ በኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ። ሙያው በዓለም ላይ በከፊል የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1889 እንደተጀመረው የቺካጎው ሐል ሐውስ ባሉ የበጎ ፈቃደኞች ቤቶች ስለነበር የፈቃድ አገልግሎት ከመነሻው የሙያው ሥር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ፣ በአብዛኛው በመምህርነት፣ እንዲያገለግል ተደነገገ። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ፤ በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። እነዚህ በአዋጅ የተጠሩ ስለነበሩ ሙሉ በሙሉ በጎ ፈቃድ ሊባሉ አይችሉም። ሆኖም የተማረ ሰው ላስተማረው ሕዝብ ባለዕዳ ነው የሚለውን እምነት በትውልዱ ውስጥ አጽንተዋል።

የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤቱ በአብዮቱ ዘመን ተዘግቶ እ.ኤ.አ. በ2004 በማስተርስ መርሐ ግብር እንደገና ተከፈተ፤ ትምህርቱም እንደ ጎንደርና ጅማ ወዳሉ ዩኒቨርሲቲዎች ተዛመተ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ ሙያውን ተፈላጊ አደረገው።

ከቢቸና ወይም ከሞጣ ገጠር የሚመጣ ተማሪ ወደዚህ ትምህርት የሚገባው የራሱን ስንቅ ይዞ ነው። ሁለተኛ ደረጃን የሚማረው ብዙ ጊዜ በከተማ ቤት ተከራይቶ፣ በየሳምንቱ ከወላጆቹ እንጀራና ሽሮ እያመጣ፣ ከጓደኞቹ ጋር እየተካፈለ ነው። ክረምት ሲገባ የአረጋውያንን ቤት በማደስ፣ ታናናሾችን በማስጠናት፣ ችግኝ በመትከል የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ይሰጣል። ዩኒቨርሲቲው በዚህ ላይ የሚጨምርለት ሥርዓት ነው፦ ችግሩን ከሥሩ መመርመር፣ የሰማውን ምሥጢር መጠበቅ፣ የተረጂውን ፈቃድና ክብር ማስቀደም፣ ተረጂውን ከወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ ከጤና ጣቢያውና ከፍርድ ቤቱ ጋር ማገናኘት።

ከሁሉም በላይ የሙያው ድርሻ ነባሩ ሥርዓት በተወው ክፍተት ላይ ነው። ወንፈሉ ብድር መመለስ የማይችለውን፣ ዕድሩ መዋጮ ያቋረጠውን ሳያይ ሊያልፍ ይችላል። ሶሻል ወርከሩ ከመዝገቡ የጎደለውን ስም መፈለግ አለበት። ይህን ሲያደርግ ግን ዕድሩንና ሰንበቴውን አይተካቸውም፤ ሽማግሌዎቹን አማክሮ፣ ማኅበሩን አስተባብሮ፣ ለዲማ ተማሪ ያለ ብድር ሲሰጥ የኖረውን እጅ ወደ ጎረቤት መበለትና ወላጅ ወዳጣው ሕፃን እንዲዘረጋ ያደርጋል። በምሥራቅ ጎጃም የበጎ ፈቃድ አገልግሎት የሚጸናው ሠልጣኙ እነዚህን ማኅበራት የሥራው መነሻና አጋር ሲያደርጋቸው ነው።