ዩኒቨርሲቲ የሚወለደው በግንብ ነው ወይስ በወረቀት?

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ዩኒቨርሲቲ ነው። «ከአሥረኛ ክፍል ወጥተን የሰው ቤት ለምንሠራ ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርግልናል?» እንዳትሉኝ። ከደመወዛችን ቆርጠን የታናናሾቻችንን የኮሌጅ ክፍያ የምንልከው እኮ እኛው ነን። አንድ ትምህርት ቤት በሕግ እንዴት እንደሚቋቋም ማወቅ የኛም ጉዳይ ነው።

ጅዳ ያላችሁ ሱለይማኒያ በኩል ስታልፉ ያንን ሰፊ ግቢ አይታችሁታል። የንጉሥ አብዱልአዚዝ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዛሬ ላየው ሰው ከመጀመሪያውም መንግሥት የሠራው ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሪያድ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ነበራት፤ ጅዳ ግን አልነበራትም። ስለዚህ በ1967 (በሂጅራ 1387) የከተማዋ ነጋዴዎችና የተማሩ ሰዎች ተሰባስበው፣ ገንዘብ አዋጥተው የግል ዩኒቨርሲቲ አቋቋሙ። ከመሥራቾቹ አንዱ መካ የተወለደው ደራሲ ሐምዛ ቦጋሪ ነበር።

በ1968 በመሰናዶ ትምህርት ሲጀመር የገቡት ተማሪዎች 68 ወንዶችና 30 ሴቶች ነበሩ። ባንድ ላይ 98 ሰው! እኛ አገር ሠርግ ላይ ከሚጠራው ሰው ያንሳል። ሠላሳዎቹን ሴቶች ደግሞ በቀላሉ አትለፏቸው። እዚህ አገር መንግሥት ለሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት መክፈት የጀመረው በ1960 ነው። ስምንት ዓመት ሳይሞላ ሴቶች ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ደረሱ ማለት ነው።

ከዚያ የኢኮኖሚክስና አስተዳደር ፋኩልቲ ተከፈተ፣ ቀጥሎ የሥነ ጽሑፍና የሰው ልጅ ጥናት መጣ። ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ወጪው ማለቂያ የለውም፤ መምህር፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ላቦራቶሪ፣ ሁሉም በየዓመቱ ገንዘብ ይፈልጋል። በ1974 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ወሰነና ዩኒቨርሲቲው የመንግሥት ሆነ። እዚህ አገር በሕዝብ የተመረጠ ፓርላማ ስለሌለ እንዲህ ያለው ነገር የሚጸናው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ውሳኔና በንጉሡ ድንጋጌ ነው።

መካ ያላችሁ ደግሞ ኡሙልቁራ ዩኒቨርሲቲን ታውቁታላችሁ፤ አዚዚያም አቢዲያም ግቢ አለው። ስሙ ከመካ ስሞች አንዱ ሲሆን «የከተሞች እናት» ማለት ነው። የዚህ ዩኒቨርሲቲ ሥር በ1949 በንጉሥ አብዱልአዚዝ ዘመን የተከፈተው የሸሪዓ ኮሌጅ ነው። በሳዑዲ የመጀመሪያው የከፍተኛ ትምህርት ተቋም እሱ ነበር። ቆይቶም ከመካ የመምህራን ኮሌጅ ጋር በጅዳው ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ሠራ። በንጉሡ ድንጋጌ ራሱን ችሎ ኡሙልቁራ ዩኒቨርሲቲ የተባለው በ1981 ነው። ቁጠሩት፤ ማስተማር ከጀመረ ከ32 ዓመት በኋላ!

ተገላቢጦሹም አለ። በአሜሪካ የጆርጂያ ግዛት ምክር ቤት በ1785 ሕግ አውጥቶ ዩኒቨርሲቲ አቋቋመ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የገቡት ግን በ1801 ነው። 16 ዓመት ሙሉ ዩኒቨርሲቲው በወረቀት ላይ ብቻ ነበር። ጅዳና መካ ተማሪው ቀደመ፣ ሕጉ ተከተለ፤ ጆርጂያ ሕጉ ቀደመ፣ ተማሪው ተከተለ።

ወደ አገራችን ስንመጣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ ሥራ ጀመረ። የመቋቋሚያ ቻርተሩን ያገኘው በ1946 ዓ.ም. ነው። በ1954 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ስድስት ኪሎ ያለውን ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ሰጡና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ከአብዮቱ በኋላ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የባሕር ዳር ልጆች፣ የእናንተውም የፖሊ ቴክኒኩና የመምህራን ኮሌጁ ውህድ ነው፤ ሁለቱን አንድ ዩኒቨርሲቲ ያደረጋቸው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ነው። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎችን አዋጅ አጸደቀ። የመጀመሪያው ራስ ገዝ የሆነውም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው።

እስቲ አሁን እንጠይቅ፤ ግንቡ ከቆመ፣ መምህሩ ካስተማረ፣ ወረቀቱ ምን ይጨምራል? ወረቀቱ ተቋሙን ሰው ያደርገዋል። በስሙ ንብረት ይይዛል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። መሥራቾቹ ቢሞቱም እሱ አይሞትም። ማን እንደሚመራው፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ይታወቃል። ከሁሉም በላይ ግን የሚሰጠው ዲግሪ ዋጋ የሚኖረው በሕግ መብት ሲኖረው ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የኛን ኪስ የሚነካው። የማውቃት አንዲት እህት ሦስት ዓመት ሙሉ ለወንድሟ የኮሌጅ ክፍያ ላከች። ልጁ ተመርቆ ሥራ ሊቀጠር ሲል፣ በተማረበት ቅርንጫፍ ለዚያ የትምህርት ዘርፍ ኮሌጁ ፈቃድ አልነበረውም ተባለ። የሦስት ዓመት ላብ! ኮሌጁ ግን ግንብ ነበረው፣ ታፔላ ነበረው፣ ጋዋን አልብሶም አስመርቋል።

ስለዚህ ብር ከመላካችሁ በፊት ቤተሰብ እነዚህን እንዲያጣራ ንገሩ። የግል ኮሌጅ እውቅና የሚያገኘው በጅምላ አይደለም። ለየትምህርት ዘርፉ፣ ለየቅርንጫፉ ለየብቻ ነው፤ የመደበኛውና የርቀቱም ይለያያል። ናዝሬት ላለው ቅርንጫፍ የተሰጠ ፈቃድ ለደሴው አይሆንም። ፈቃዱ ጊዜም አለው፣ ይታደሳል። «አዎ አለን» ብሎ ኮሌጁ ቢነግራችሁ እንኳ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይጠየቅ። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ገንዘቡ የናንተ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የጅዳ ሰዎች ያደረጉትን እኛም በየወሩ እናደርገዋለን። የታመመ ስናሳክም፣ ሬሳ ስንሸኝ፣ ኢቃማዋ የተቃጠለባትን ስንረዳ መዋጮ ነው። የነሱ 98 ተማሪ ዛሬ ድረስ የቆየው ግን መዋጮውን ውሳኔና ደንብ ስለተከተለው ነው። የኛም ማኅበር ገንዘቡ በማን እጅ እንደሆነ፣ ማን ስንት እንዳወጣ፣ ገንዘብ ያዧ አገሯ ብትገባ ማን እንደሚረከብ በጽሑፍ ይኑረው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? በሚቀጥለው ስብሰባ የመተዳደሪያ ደንቡን ጉዳይ እንድናነሳው እጠይቃለሁ። ሰላም ሁኑልኝ።