የሠላሳ ሰከንድ ዝምታ

ነገሩ ከሆነ ብዙ ዓመት አልፎታል። በምሠራበት መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር መረቡን ከሚጠብቁት አንዱ ነበርኩ። አንድ ቀን ጠዋት ሁለቱን ፎቆች የሚያገናኘውን ገመድ አንድ ባልደረባዬ በእግሩ ጠልፎ ነቀለው። ተጠባባቂ ገመድ ስለነበረን አልደነገጥኩም። ይሁንና ወዲያው ስልኩ ጮኸ፤ «ሲስተም የለም!» የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። 30 ሰከንድ ያህል ቆየና፣ ማንም ምንም ሳይነካ፣ ሁሉም ወደ ቦታው ተመለሰ። ለመሆኑ ተጠባባቂው ገመድ እዚያው ተሰክቶ ሳለ ያን ያህል ጊዜ ምን ይጠብቅ ነበር? ይህን ስጠይቅ ነው ወደ 1980ዎቹ አሜሪካ የተመለስኩት።

ራዲያ ፐርልማን በዚያን ጊዜ ዲጂታል ኢኩዊፕመንት በተባለው የኮምፒዩተር ኩባንያ የምትሠራ ባለሙያ ነበረች። የገጠማት ችግር እንዲህ ነው። መረብን ከመረብ የሚያገናኙት መሣሪያዎች፣ ያኔ ድልድይ ይባሉ የነበሩት ዛሬ ስዊች የምንላቸው፣ ባለቤቱ የት እንዳለ የማያውቁት መልእክት ሲደርሳቸው ከመጣበት በር በቀር በሁሉም በሮች ይልኩታል። አንዱ ገመድ ቢበጠስ ሌላው ይተካው ተብሎ ሁለት መንገድ ሲዘረጋ ግን መረቡ ቀለበት ይሠራል። መልእክቱም ይዞራል፤ እየዞረም ይባዛል። የኢተርኔት መልእክት ይህን ያህል ከዞርኩ ይበቃኛል የሚልበት ቁጥር አልተጻፈበትም። ብዙም ሳይቆይ መረቡ በራሱ ጩኸት ይታፈናል።

የፐርልማን መፍትሔ ዛፍ ነበር። ድልድዮቹ አጫጭር መልእክት እየተለዋወጡ ከመካከላቸው አንዱን ሥር አድርገው ይመርጣሉ። የቀሩት እያንዳንዳቸው ወደ ሥሩ የሚያደርሰውን የተሻለውን መንገድ ይይዛሉ፤ ቀለበት የሚሠራው ትርፍ መንገድ ለክፉ ቀን ተዘግቶ ይቀመጣል። ስፓኒንግ ትሪ የተባለው ይህ ነው። ፐርልማን እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመችው ጥናት መግቢያ ላይ፣ በጆይስ ኪልመር «ዛፎች» በተሰኘው ግጥም አምሳያ የገጠመችውን አጭር ግጥም አኖረችበት። እንዲህ ያለ ጥናት በግጥም ሲከፈት ሌላ ቦታ አላየሁም። ዘዴው በ1990 መሣሪያ ሠሪዎች ሁሉ የሚስማሙበት ደንብ ሆነ።

ታዲያ ሠላሳው ሰከንድ ከየት መጣ? ከጥንቃቄ ነው። የተዘጋ በር ሊከፈት ሲል 15 ሰከንድ ያዳምጣል፤ ሌላ 15 ሰከንድ ማን በየት በኩል እንዳለ ይማራል። ብልሽቱ ሩቅ ከሆነ ደግሞ የሥሩ ድምፅ በእርግጥ መጥፋቱን ለማመን አስቀድሞ እስከ 20 ሰከንድ ይጠብቃል። ድምሩ 50 ነው። ጎረቤቱ ዜናውን ይስማ አይስማ የሚያውቅበት መንገድ የለውምና፣ ሁሉም ሳይሰማ አይቀርም ብሎ እስኪገምት በሩን ዘግቶ ይቆያል።

ይህ ጥንቃቄ ከንቱ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2002 በቦስተን ከተማ በቤዝ ኢዝሬል ዲኮነስ ሆስፒታል፣ መረቡ ከልክ በላይ ሰፍቶ የዛፉ ስሌት ተፋለሰ። ቀለበት ተፈጠረ፤ ሐኪሞቹም ለቀናት ወደ ወረቀትና እስክሪብቶ ተመለሱ። በመረብ ሥራ ከመዘግየት የከፋ መቸኮል አለ።

እንግዲህ ጥያቄው ሳይቸኩሉ እንዴት መፍጠን ይቻላል የሚል ነበር። መልሱ እ.ኤ.አ. በ2001 ራፒድ ስፓኒንግ ትሪ በሚል ስም ወጣ። ዛፉ ያው ዛፍ ነው፤ የተለወጠው የመጠበቁ ሥርዓት ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ስዊች ዋናው መንገድ ቢጠፋ በየትኛው በር እንደሚወጣ በሰላሙ ጊዜ ያውቃል፤ ዋናው ሲበጠስ ተተኪውን ወዲያው ይከፍታል። ሁለተኛ፣ አዲስ መንገድ መክፈት ሲያስፈልግ ሰዓት መቁጠር ቀርቶ ጎረቤቱን ይጠይቃል፤ «ልክፈት?» ይለዋል። ጎረቤቱ መጀመሪያ ቀለበት ሊሠሩ የሚችሉትን የራሱን በሮች ይዘጋል፤ ከዚያ «እሺ፣ ክፈት» ብሎ ይመልሳል። በሩ ይከፈታል፤ ጎረቤቱም በተራው ቀጥሎ ያለውን ይጠይቃል። ሦስተኛ፣ ሁሉም በየ2 ሰከንዱ ደህንነቱን ለጎረቤቱ ያሰማል፤ ሦስት ጊዜ ዝም ካለ ጠፍቷል ይባላል። ሃያው ሰከንድ ወደ ስድስት ወረደ፤ የገመዱ መበጠስ ወዲያው ከታየ ደግሞ መረቡ ብዙ ጊዜ ሰከንድ ሳይሞላ ያገግማል።

ይሁንና መልስ የማይሰጥ ጎረቤት፣ ለምሳሌ የድሮውን ደንብ ብቻ የሚያውቅ ስዊች፣ ሲገጥመው አዲሱም ወደ ሰዓቱ ይመለሳል። ንግግር ሁለት ወገን ይፈልጋልና። እ.ኤ.አ. በ2004 ደንቡ ሲታደስ አዲሱ ዘዴ የአሮጌውን ቦታ ወሰደ።

እኛም መሥሪያ ቤት መሣሪያዎቹ በተለወጡ ጊዜ፣ ሠራተኛው ሁሉ በሥራ ላይ እያለ ያንኑ ገመድ ሆን ብዬ ነቀልኩት። ቀና ብዬ ሰዓቱን አየሁ። ስልኩ እስኪጮህ ብጠብቅ ብጠብቅ፣ ማንም አልደወለም።